በስንቅ ቤቱ መስኮት ላይ የቆመ ማር

ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን፣ በሚካኤል ዕለት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ግድም፣ አያ እንድሪስ የሚባሉ የማር ነጋዴ በደብረ ታቦር ከጣሊያን ጦር ስንቅ ቤት ደጃፍ ላይ ታሰሩ። የተከሰሱት የጦሩን ስኳር ሰርቀው፣ ከማር ጋር ደባልቀው፣ መልሰው ለጦሩ ሸጡ ተብለው ነው። ቅጣቱ ስቅላት ነበር። ክሱን ከጣሊያንኛ ወደ አማርኛ፣ መልሱን ከአማርኛ ወደ ጣሊያንኛ የመለስኩት እኔ ነኝ። የስንቅ ቤቱ አስተርጓሚ ነበርኩ።

ዓመቱን አልጽፈውም። በጊዜው የነበሩ ሰዎችን ጠይቄ አንዱ ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ነው፣ ሌላው በሦስተኛው ነው አለኝ፤ ሁለቱም ምለው ነው የነገሩኝ። ዕለቱን ግን አልጠራጠርም። ታቦት ወጥቶ ስለነበር እልልታው ከሩቅ ይሰማ ነበር፤ ጉዳዩን የያዘው ካፒቴንም ቃል ሲቀበል ድምፁ ረብሾት መስኮቱን እንድዘጋ አዞኛል።

ይህን ከተቀበረበት ያወጣው ሽታ ነው። ኋላ በያዝኩት የጋዜጠኝነት ሥራ መጨረሻ ገደማ ከልዑካን ጋር ወደ አንድ ብርዳም የባሕር ማዶ አገር ሄጄ ነበር። እዚያ የስኳር ፋብሪካ አስጎበኙን። በሩን ስናልፍ ለብ ያለ የማር ሽታ መጣብኝ፤ ንብ ግን በአካባቢው አልነበረም። መሐንዲሱ፣ ቀይ ጢም ያለው ቁጥብ ሰው፣ ከሰው ቁመት ብዙ እጥፍ የሚረዝሙ የብረት በርሜሎች ሥር አቆመን። በውስጣቸው ሙጫ ከመሰለ ነገር የተሠሩ፣ ከጤፍ ያነሱ ዶቃዎች ታጭቀዋል። ሁለት ዓይነት ስኳር የተደባለቀበት ሽሮፕ ከላይ ይገባል፣ ሙቅ ውሃም ከኋላ ይገፋዋል። ዶቃዎቹ የኖራ ባሕርይ እንዲይዙ ተደርገዋል። አንደኛው ስኳር ከኖራው ጋር ይወዳጃል፣ ሌላው እምብዛም ነው። ነገሩ ሁለት መንገደኞች አብረው ገበያ እንደመግባት ነው፤ አንዱ በየደጁ ዘመድ እያገኘ ሰላምታ ሲያበዛ ይዘገያል፣ የሚያውቀው ሰው የሌለው ግን ቀጥ ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ከታች ባለው ቧንቧ መጀመሪያ ግሉኮስ የሚሉት ይወጣል፣ ቆይቶ ፍሩክቶስ የሚሉት ይከተላል። ሠራተኞቹ ቧንቧውን በጊዜው እያዞሩ አንዱን ወደዚህ፣ ሌላውን ወደዚያ ይቀዳሉ። የተጨመረ የለም፣ የጠፋም የለም፤ አብረው የገቡት ተለያይተው ወጡ እንጂ።

"የንብ ማርስ?" ብዬ ጠየቅሁት።

"ማር እኮ እነዚሁ ሁለቱ ናቸው" አለኝ። "ከጥቂት ውሃና ከሌላ ጥቃቅን ነገር ጋር። ግሉኮሱ በብርድ ይረጋል፣ ፍሩክቶሱ አይረጋም። ቀጠን ያለ ማር ብርድ ቦታ ብታስቀምጥ ያለ እኔ ፋብሪካ ራሱ ይለያል፤ ነጩ ወደ ታች፣ ፈሳሹ ወደ ላይ።"

ጓደኞቼ ወደሚቀጥለው በርሜል ሄዱ። እኔ እዚያው ቆምኩ። ያን የተናገረውን ነገር ደብረ ታቦር ላይ በጣሊያንኛ የሚናገር አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ የአንድ ሰው ነፍስ ያን ሁሉ ቀን በጠርሙስ ውስጥ ባልተንጠለጠለች ነበር።

ደብረ ታቦር ብርድ ናት። የጉና ንፋስ በኅዳር ከሰዓት በኋላ ሲወርድ ገበያተኛው ባናውን ደርቦ፣ ጀርባውን ለተራራው ሰጥቶ ነበር የሚቆመው። የገጠሩ ሰው ደበሎ፣ የከተማው ሰው ኩታ፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደር የሆኑት አስካሪዎች ረጅም ጣርቡሽና ሰፊ መቀነት። ለእኔ ስቀጠር የሰጡኝ የካኪ ኮት ከእጄ ይረዝም ነበር፤ እሱን ለብሼ ከሰው መካከል ስቀመጥ ሰው ትንሽ ፈቀቅ ይላል። ያን ፈቀቅታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ከልብስ ሰፊው ሱቅ አጠገብ በተከፈተው መጠጥ ቤት አንዲት ጣሊያናዊት በሸክላ ቀኑን ሙሉ ትዘፍናለች፤ ሌላ ሸክላ ስላልነበራቸው አህያ ነጂዎች ሳይቀሩ ቃሉን ሳያውቁ ዜማውን እያፏጩ ወደ ሐሙሲት ይወርዱ ነበር። የወረቀቱን ሊሬ ባላገር "ዝናብ ሲመታው ምን ይሆናል?" እያለ አይቀበለውም። ማር የሚሸጠው በጠገራ ብር ወይም በአሞሌ ነው፤ በአንድ ጠገራ የሚገዛው ማር ለአንድ ክርስትና ድግስ ጠጅ ያወጣ ነበር። ስኳር ደግሞ ከዚያ በፊት ለበሽተኛ ተብሎ በጨርቅ ተቋጥሮ የሚቀመጥ ነገር ነው። በጆንያ ሲራገፍ ያየነው ከጣሊያን ወዲህ ነው።

አያ እንድሪስ ከገበያው ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር መደብር ነበራቸው። ሃምሳ የሚሆናቸው፣ ሽበት የጀመራቸው፣ ቀልድ የማያልቅባቸው ሰው ነበሩ። ማሩን የሚያመጡላቸው ከጉና ግርጌ የሚኖሩ ጋሸ አላምረው የሚባሉ ገበሬ ናቸው። ሁለቱ ከአባቶቻቸው ጀምሮ በወዳጅነት የቆዩ ነበሩ፤ አንዱ ለአረፋ፣ አንዱ ለጥምቀት ይጠራሉ፤ ሥጋው ለየብቻ ይታረዳል፣ ሳቁ አንድ ላይ ነው።

በዚያ ሰሞን በይፋግ በኩል ከመጣው ጭነት ጥቂት ጆንያ ስኳር ጎደለ። ሹፌሩ አስረክቤያለሁ አለ፣ ስንቅ ቤቱ አልተረከብኩም አለ። ካፒቴኑ ሠራተኛውንና ዘበኛውን ሰብስቦ "ለዚህ ስኳር አንድ ሰው ይሰቀላል" አለ። አስተረጎምኩ። በሚካኤል ዕለት ጠዋት ደግሞ አያ እንድሪስ ለመኮንኖቹ ገበታ የታዘዘ ማር በገንቦ አስይዘው መጡ።

የስንቅ ቤቱ ኃላፊ በማዕረጉ ማርሻሎ የምንለው ሰው ነበር። አባቱ በአገሩ ሸቀጥ ሻጭ ስለነበር የተቀላቀለ ማር በምላሴ እለያለሁ ይላል። ክዳኑን አነሣ። ከላይ ቀጭንና ጠቆር ያለ ፈሳሽ ነበር። ረጅም ማንኪያ አጥልቆ ከሥሩ ሲያወጣ ነጭ፣ አሸዋ የሚመስል ነገር ወጣ። በጣቶቹ አሸው። ቀመሰው።

"የእኛም አገር ማር ይረጋል" አለ። "ሲረጋ ግን ሁሉም ይረጋል። ይህ ከላይ ውሃ ነው፣ ከታች ስኳር ነው። ስኳሩም የእኔ ነው።"

"እንዲህ በለው ታረቀኝ" አሉኝ አያ እንድሪስ። "ማሩ አንድ ነው። የለየው ብርድ ነው።"

ነገርኩት። "ብርድ እዚህ አገር ዳኛ ነው ማለት ነው?" አለ ማርሻሎው።

"ከስንቱ ዳኛ ይሻላል በለው፤ ጉቦ አይበላም።"

"አያ እንድሪስ፣ ይህንንም ልንገረው?"

"ንገረው እንጂ! የተቀጠርከው የምትወደውን መርጠህ ልታስተረጉም ነው?"

ነገርኩት። ማርሻሎው በጥፊ መታቸው። ቆባቸው መሬት ወደቀ። በሩ ላይ የነበረው ዘበኛ፣ ተስፋይ የሚባል የሐማሴን አስካሪ፣ ጠመንጃውን ወደ ትከሻው አዛውሮ ጎንበስ አለና ቆቡን አነሣው፤ አቧራውን አራግፎ ሰጣቸው። ማርሻሎው ይህን አየ።

ካፒቴኑ ሕግ ተምሬአለሁ የሚል ሰው ነበር። ሰው ከመስቀሉ በፊት ማስረጃ ይፈልጋል። አያ እንድሪስ ቃላቸውን ሲሰጡ አንድ ነገር ጠየቁ። "ስኳር ካልደረሰበት አገር ማር ይምጣ። ዓይናችሁ እያየ ብርድ ላይ ይቀመጥ። እንደ እኔ ማር ካልተለየ ስቀሉኝ።" ካፒቴኑ አሰበና ተስማማ። ቀኑን እስከ ታኅሣሥ በዓታ ቆረጠ። የወይራ ፍሬ በጨው ተነክሮ የሚመጣበት አፈ ሰፊ ትልቅ ጠርሙስ ታጥቦ ተዘጋጀ። ማሩ ከጋሸ አላምረው ቀፎ እንዲመጣ መልእክተኛ ተላከ። የተነገራቸው ይህ ብቻ ነው፤ ማርህ ችሎት ፊት ይቀርባል፣ የእንድሪስ ነፍስ በእሱ ላይ ናት።

እዚህ ላይ ያገራችንን ልማድ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አለብኝ። በእኛ አገር የረጋ ማር ወይም ሰፈፍ ያለበት ማር ለትልቅ ሰው አይቀርብም። ነውር ነው፤ አቅራቢው ሰውየውን ንቆታል ይባላል። ለጌታ፣ ለዳኛ፣ ለአማች የሚቀርብ ማር በፍል ውሃ ላይ ተቀምጦ ይሞቃል፣ ሰፈፉ ይገፈፋል፣ በንጹሕ ነጠላ ይጠለላል፤ እንደ መስተዋት ፊት እስኪያሳይ። ጋሸ አላምረው ከእነ ባለቤታቸው ይህን ለማድረግ አንድ ቀን ሙሉ ደከሙ።

ገንቦውን ተሸክመው ሲገቡ አዲስ ኩታ ለብሰዋል። ሦስት ጊዜ እጅ ነሡ። ማሩ ወደ ጠርሙሱ ሲገለበጥ ወርቅ ነበር፤ ካፒቴኑ ራሱ "ቆንጆ ነው" አለ። አያ እንድሪስን ከክፍላቸው አውጥተው አጠገቡ አቁመዋቸው ነበር። ጠርሙሱን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

"አላምረው፣ እሳት አሳየኸው?"

"ታዲያስ! ሰው ሊሞት ነው ብለው ልከውብኝ ከነሰፈፉ ላምጣው? ምን ነካህ እንድሪስ?"

"ከነሰፈፉ ብታመጣው ነበር የምታድነኝ።"

"እንዴት?"

"እሳት ያየ ማር ቶሎ አይረጋም፣ አላምረው። ስንት ዓመት ቆርጠህ ስትሸጥልኝ ይህን አታውቅም?"

ጋሸ አላምረው አላወቁም። የእሳቸው ሥራ ከቀፎ መቁረጥ ነው፤ ያሞቁት ማር ወዲያው ይበላል እንጂ ቆሞ አይታይም። አያ እንድሪስ ነገሩን ለካፒቴኑ አስረዱ፤ አስተረጎምኩ። ካፒቴኑ ፈገግ አለ። "መጀመሪያ ብርድ ነው አልክ። ዛሬ እሳት ነው። ነገ ጨረቃ ናት ትለኛለህ።" የጠርሙሱን አፍ በጨርቅ አስሮ፣ በቀይ ሰም አሽጎ፣ ማኅተሙን አሳረፈበት። ጠርሙሱ በስንቅ ቤቱ ሰሜናዊ መስኮት ላይ ቆመ። መስተዋት የሌለው፣ ፍርግርግ ብረት ብቻ ያለው መስኮት ነበር።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ሥራዬ ጠርሙሱን ማየት ሆነ። ካፒቴኑ ይመጣል፣ ማርሻሎው ይከተላል፣ እኔ ከኋላ እቆማለሁ። ማሩ እንደመጣበት ቀን ነበር፤ ከኋላው የፍርግርጉ ብረት አንድ በአንድ ይታያል። ማርሻሎው ጣቱን በጠርሙሱ ላይ እያንኳኳ "ብርዱ ዛሬም አልፈረደም" ይላል። በገበያው ዳር የመስቀያ እንጨት ተተከለ። ሰው በዚያ በኩል ማለፉን ትቶ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ይዞር ጀመር። ውሃ የሚቀዱ ሴቶች ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ግጥም ያዜሙ ነበር፤

ንቧ የጉና ናት፣ ቀፎውም ያባቱ፣
ሰው ይሰቀላል ወይ፣ ማሩ በመርጋቱ?

ማርሻሎው ምን እያሉ ነው ብሎ ጠይቆኛል። ስለ ንብ ነው አልኩት። እውነት ነው፣ ስለ ንብ ነበር።

ጋሸ አላምረው ወደ አገራቸው አልተመለሱም። በኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም እያደሩ፣ የገናን ጾም እስከ ማታ እየጾሙ፣ ጠዋት ከስንቅ ቤቱ ስወጣ መንገድ ላይ ይጠብቁኛል። ፊቴን ብቻ ያያሉ። ራሴን ስነቀንቅ ኩታቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው ይመለሳሉ። አንድ ቀን ግን ክንዴን ያዙኝ። "ልጀ፣ እኔ ልሰቀል ብል ይሰሙኛል? ያሞቅሁት እኔ ነኝ" አሉ። አይሰሙዎትም አልኳቸው።

የአያ እንድሪስ ባለቤት እትየ ዘሃራ ምግብ ያመጣሉ። ተስፋይ ሰሐኑን ከፍቶ ማየት ግዴታው ነበር። "እትየ፣ ዛሬም ሽሮ? እስረኛውን በሽሮ ልትጨርሱት ነው" ይላል። "አንተን ነው እንጂ በልተህ የማታልቀው። ያገርህ ሰው እንዲህ ነው የሚበላው?" ይሉታል። አንድ ጉርሻ ያጎርሱታል፤ እሱም ዞር ብሎ ከባለቤታቸው ጋር ሁለት ቃል እንዲነጋገሩ ይፈቅድላቸዋል። ይህ ክልክል ነበር።

ቀኑ እየቀረበ ሲመጣ አንድ መኮንን ለምርመራ ከጎንደር መጣ። ማርሻሎው ስለ ማሩ ነገረውና ሊያሳየው ወደ ስንቅ ቤቱ አመጣው። ካፒቴኑም አብሮ ነበር፤ ማኅተሙን በራሱ እጅ ፈታው። የተከሰሰው ገንቦ ከጥጉ ወጣ። ማርሻሎው ያን ረጅም ማንኪያ እስከ ገንቦው ሥር ሰደደው፤ ነጩን አወጣ፤ መኮንኑ ቀመሰ። ቀጥሎ ያንኑ ማንኪያ ወደ ጠርሙሱ ሰዶ ጥሩውን አወጣ፤ መኮንኑ ቀመሰ። "ልዩነቱን አየኸው? ያ ያንቃል፣ ይህ ያልፋል።" መኮንኑ አልገባኝም አለ። ማርሻሎው ከገንቦው ወደ ጠርሙሱ፣ ከጠርሙሱ ወደ ገንቦው አመላለሰው። ማንኪያውን አላጠበውም። ካፒቴኑ መልሶ አሰረ፣ መልሶ አሸገ።

ለምሳ ሲወጡ ወደ እስር ክፍሉ ሄድኩ። ያየሁትን ነገርኳቸው። ለምን እንደነገርኳቸው አላውቅም፤ ከቀኑ ወሬ ሌላ የምነግራቸው አልነበረኝም። አያ እንድሪስ ግድግዳውን ተደግፈው ነበር። ቀና አሉ።

"ማንኪያውን አጠበው?"

"አላጠበውም።"

"ከታች ነጩን ነው የጨለፈው? ከላይ እንዳይሆን።"

"ከሥር ነው። በማንኪያው ላይ ሲያብለጨልጭ አይቻለሁ።"

"እርሾ ገባለት" አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ሊጥ ያለ እርሾ ምን ይሆናል? ማርም እንዲያው ነው። አሁን ስማኝ ታረቀኝ። ለዘሃራም አትንገር፣ ለአላምረውም አትንገር። ተስፋ ፊት ላይ ይወጣል። እነሱ ፊት ላይ ከታየ ያ ሰውዬ ጠርሙሱን ያስለውጠዋል።"

ዘወር ስል ተስፋይ በሩ ላይ ነበር። አማርኛ እንደ እኛው ያውቃል። ጉሮሮውን ጠረገ። "ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ምሳህን ብላና ወደ ሥራህ ሂድ" አለኝና ፊቱን ወደ ግቢው አዞረ።

ፋብሪካው ውስጥ መሐንዲሱን ይህንንም ጠይቄው ነበር። እኛም እንዘራለን አለኝ፤ የሞቀው ሽሮፕ እንዲረጋ ሲፈልጉ የደቀቀ ስኳር ይነሰንሱበታል። የረጋው ያልረጋውን ይጠራዋል አለ። ስንት ይበቃል ስለው አውራ ጣቱን በጠቋሚው ላይ አሸት አድርጎ አሳየኝ። ያን ጊዜ ግን ማንኪያው ላይ የቀረው ይበቃ እንደሆነ፣ በቀሩት ቀኖችም ይደርስ እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። አያ እንድሪስም እርግጠኛ አልነበሩም። በማግስቱ "አለ?" ሲሉኝ የለም አልኳቸው። በሁለተኛውም የለም አልኳቸው። ምግብ መተው ጀመሩ። እትየ ዘሃራ ሰሐኑን እንዳለ ይዘው ሲመለሱ ተስፋይ አልቀለደም።

ከዚያ አንድ ጠዋት ከጠርሙሱ ሥር እንደ ጉም ያለ ነገር አየሁ። ከታች ያለው የፍርግርጉ ብረት ደብዝዟል። እስትንፋሴ መስሎኝ ጠርሙሱን በእጅጌዬ ጠረግሁት፤ ከውስጥ ነው። ማርሻሎውም አየው። ከቀትር በኋላ ካፒቴኑ ዘንድ ሄዶ ጠርሙሱ እሳት ወዳለበት ቢሮ እንዲዛወር ጠየቀ፤ በመስኮት ላይ ከቆየ ሰው ሊነካካው ይችላል አለ። ከካፒቴኑ ጠረጴዛ ፊት ቆሜ የሌላ ሰው ጉዳይ እያስተረጎምኩ ነበር። ማስተርጎሜን አቋረጥኩ። ካፒቴኑ ከወረቀቱ ቀና ሳይል "ሰውዬው ብርድ ነው ያለው። በብርድ ይታያል። ውሉ ይህ ነው" አለ። ከፈለግህ ዘበኛ ጨምር አለው። ማርሻሎው ዘበኛ አልጨመረም። ተስፋይን ብቻ ጠርቶ ከዛሬ ጀምሮ የስንቅ ቤቱ መግቢያም መስኮቱም በአንተ ላይ ነው አለው።

ያን ቤት ከብዙ ዓመት በኋላ ለሥራ ደብረ ታቦር ስሄድ አይቼዋለሁ። የእህል መጋዘን ሆኗል። መስኮቱን በድንጋይ ደፍነውታል። ጠባቂው ምን እንደማይ ጠየቀኝ፤ መስኮቱን አልኩት። "የምን መስኮት?" አለኝ።

የበዓታ ዕለት ጠዋት ውርጭ ነበር። ካፒቴኑ አያ እንድሪስን አስጠራ። ጋሸ አላምረውም፣ እትየ ዘሃራም ከአጥሩ ውጭ ነበሩ። ገመዱ በአንድ አስካሪ ክንድ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። ወደ መስኮቱ ሄድን። ጠርሙሱ እስከ ወገቡ ነጭ ነው። ከነጩ በላይ ቀጭን፣ ጠቆር ያለ ፈሳሽ ቆሟል፤ በመካከላቸው ያለው መስመር በቢላ የተቆረጠ ይመስል ነበር። ማኅተሙ እንዳለ ነው።

ካፒቴኑ ማኅተሙን ሰበረ። ማንኪያውን አጥልቆ ከነጩ አወጣና ለማርሻሎው ሰጠው።

"ቅመስ። ምንድን ነው?"

ማርሻሎው ቀመሰ። "ስኳር" አለ።

"እንግዲህ ይህንንም ነጋዴው ከእስር ቤት ሆኖ ሰርቆ ከተተበት?"

ካፒቴኑ ማንኪያውን ጠርሙሱ ውስጥ ትቶት ወደ እኔ ዞረ። "ይሂድ በለው።"

"ይሂዱ አሉዎት" አልኳቸው።

አያ እንድሪስ ወዲያው አልተንቀሳቀሱም። ጠርሙሱን አዩ። "ገንቦዬስ?" አሉ። ይህን አላስተረጎምኩም፤ ክንዳቸውን ይዤ ወደ በሩ መራኋቸው። ጋሸ አላምረው ከአጥሩ ውጭ እግራቸው ላይ ወደቁ። አያ እንድሪስ ሊያነሷቸው ጎንበስ ሲሉ ከድካም ብዛት ራሳቸውም አብረው ተቀመጡ፤ ሁለቱ መሬት ላይ ተቃቅፈው ቀሩ። "ሁለተኛ ለእኔ ክብር አትስጠኝ፣ አላምረው" ሲሉ ሰማሁ፤ "እንደ ጠላትህ ከነሰፈፉ አብላኝ።" እትየ ዘሃራ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ መለየት አልቻልኩም። ገመድ የያዘው አስካሪ ገመዱን ወዴት እንደሚያደርስ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት።

ወደ መስኮቱ ስመለስ ካፒቴኑ ገና እዚያው ነበር። "ስኳሩስ?" አለው ማርሻሎውን። ድምፁን አላነሣም። "ነጋዴው ካልወሰደው ማን ወሰደው? ቁልፉ አንተ ዘንድ ነው። በሩ ላይስ ማን ነበር?"

ማርሻሎው መለሰ። የተናገረው አንድ ስም ብቻ ነው፤ የበሩን ዘበኛ ስም።

ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ ተስፋይ ጠመንጃውን አስረከበ፣ ቀበቶውን ፈታ፣ አያ እንድሪስ ወደ ለቀቁት ክፍል ገባ።